አዲስ መኪና ከዲለር ስንገዛ ሕጉ የሚከላከለው ለማን ነው? (ቨርጂኒያና ሜሪላንድ)

አርሊንግተን_ማዶ ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ቨርጂኒያ ውስጥ አዲስ መኪና ለመግዛት እየተዘጋጀሁ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ኡበር ይሠራል፣ ሌላው ጊዜ የቤተሰብ ነው። የምታውቁ ሰዎች በዝርዝር ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

1. ቴስላ በቀጥታ ለገዢው ሲሸጥ ቶዮታና ፎርድ በዲለር በኩል ብቻ የሚሸጡት ለምንድን ነው?
2. ዲለሩን ከፋብሪካው የሚጠብቅ ሕግ እንዳለ ይነገራል። ያ ሕግ ለገዢው ምን ይፈይዳል?
3. «ፈርመህ ብትወስደውም በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ትችላለህ» የሚባለው እውነት ነው?
4. ከመፈረሜ በፊት የትኛውን ወረቀት፣ የትኛውን መስመር ልይ?

የኮንትራት_ነገር መለሰ፦

ሰላም ወንድሜ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ልመልስ።

ዲለር የፋብሪካው ቅርንጫፍ አይደለም። በራሱ ገንዘብ የቆመ፣ በፋብሪካው ስም ለመነገድ ኮንትራት የፈረመ ነጋዴ ነው። መሬቱም፣ ሕንጻውም፣ ሊፍቱም፣ የመለዋወጫ መጋዘኑም የሱ ወጪ ነው። ግቢው ላይ ተደርድረው የምታያቸው መኪኖች ራሳቸው በአብዛኛው በብድር የተያዙ ናቸው፤ ፍሎር ፕላን ይሉታል፣ መኪናው ሳይሸጥ በቆመ ቁጥር ወለዱ ይቆጥራል። በድሮው ጊዜ ፋብሪካው ይህን ሁሉ ያወጣውን ሰው በአንድ ደብዳቤ ሊያሰናብተው፣ ያላዘዘውን ሞዴል ሊጭንበት፣ ወይም እዚያው አፍንጫው ሥር ሌላ ዲለር ሊከፍትበት ይችል ነበር። በ1956 ኮንግረስ ባወጣው ሕግ ዲለሩ ፋብሪካውን «በቅን ልቦና አልሠራህም» ብሎ በፌዴራል ፍርድ ቤት መክሰስ ቻለ። ዋናው ጉልበት ያለው ግን የየስቴቱ ሕግ ነው፤ ዛሬ ሃምሳዎቹም ስቴቶች በዚህ ጉዳይ ሕግ አላቸው።

የስቴቶቹ ሕጎች በዝርዝር ይለያዩ እንጂ የሚይዙት ነገር ይመሳሰላል። ፋብሪካው በቂ ምክንያት ሳያቀርብ ኮንትራት ማቋረጥ አይችልም። ነባሩ ዲለር ባለበት ክልል ውስጥ ያንኑ ብራንድ የሚሸጥ ሌላ ዲለር ሲከፍት ነባሩ መቃወም ይችላል፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ይህ ክልል 10 ማይል ነው። የካሊፎርኒያው ሕግ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1978 ጸንቷል። ፋብሪካው ራሱ ዲለር ሆኖ ከራሱ ዲለሮች ጋር እንዳይወዳደርም በብዙ ስቴቶች ተከልክሏል። ቶዮታና ፎርድ ቀድሞውኑ በየከተማው ዲለር ስላላቸው ዘልለው ላንተ መሸጥ አይችሉም።

ቴስላ ሲጀምር አንድም ዲለር አልነበረውም። ክርክሩም «የምወዳደረው የራሴ ዲለር የለም» የሚል ነው። አንዳንድ ስቴት ተቀበለው፤ አንዳንዱ ገደብ አበጀለት፣ ለምሳሌ ኒውዮርክ በአምስት መሸጫ ወስኖታል፤ ቴክሳስ ፋብሪካው እዚያው ኦስቲን ሆኖ እንኳ በዲለርነት እንዲሸጥ አልፈቀደችለትም። የቨርጂኒያ ሕግ ፋብሪካ ዲለር እንዳይሆን ይከለክልና አንድ ቀዳዳ ይተዋል፦ በአካባቢው ያንን ብራንድ ለሕዝብ በሚበጅ መንገድ ሊሸጥ የሚችል ነጻ ዲለር እንደሌለ የዲኤምቪ (የስቴቱ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት) ኮሚሽነር ጉዳዩን ሰምቶ ከወሰነ ፋብሪካው ፈቃድ ያገኛል። ቴስላ በ2016 ሪችመንድ አካባቢ ለመክፈት የተፈቀደለት በዚህ በኩል ነው። የዲለሮች ማኅበር ግን ዝም አላለም፤ ፍርድ ቤት ሄዶ ተከራክሯል።

አሁን ለገዢው የሚፈይደው። ብዙ ሰው የማያውቀው ክፍል የዋራንቲ ክፍያ ነው። መኪናህ በዋራንቲ ሲሠራ ላንተ ነጻ ነው እንጂ ለዲለሩ የሚከፍለው ፋብሪካው ነው። ፋብሪካው ደግሞ የራሱ የሰዓት መጽሐፍ አለው። መካኒኩ ሦስት ሰዓት የሚፈጅበትን ሥራ መጽሐፉ ሁለት ሰዓት ካለው የሚከፈለው የሁለት ሰዓት ነው፤ አብዛኛው የዲለር መካኒክ ደግሞ ደመወዙ በሠራው ሥራ ልክ እንጂ በቆመበት ሰዓት አይደለም። የሰዓቱ ዋጋም ደንበኛ ከኪሱ ከሚከፍለው ያነሰ ከሆነ ምን እንደሚከተል መገመት ቀላል ነው። የዋራንቲ መኪና ግቢ ውስጥ ይከርማል፣ ከኪሱ የሚከፍለው ሰው ይቀድማል፣ «ችግሩን አላገኘነውም» የሚል ወረቀት ይበዛል። ቨርጂኒያን ጨምሮ ብዙ ስቴቶች ፋብሪካው ለዋራንቲ ሥራ ዲለሩ ለተራ ደንበኛ በሚያስከፍለው ዋጋ ልክ እንዲከፍል ያስገድዳሉ። ይህ የዲለር ሕግ ነው፣ ጥቅሙ ግን ቀጥታ ወደ ባለመኪናው ይደርሳል።

ይህ ሕግ ሳይሠራ ሲቀር ምን እንደሚሆን 2009ን ማየት ይበቃል። ክራይስለር በኪሳራ ፍርድ ቤት በኩል የ789 ዲለሮችን ኮንትራት በአንድ ጊዜ ጣለ፤ የስቴቶቹ ሕግ በኪሳራ ሕጉ ተሸነፈ። ዋራንቲው የአምራቹ ስለሆነ አልጠፋም፤ የሚሠራበት ቦታ ግን ከብዙ ሰው ራቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኮንግረስ ለተባረሩት ዲለሮች በግልግል ዳኝነት የመከራከር መብት ሰጣቸው።

ወረቀት_አንብብ መለሰ፦

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። የፍራንቻይዝ ሕግ (ከላይ የተባለው ዲለሩን ከፋብሪካው የሚጠብቀው ሕግ) ለገዢው የሚሰጠው በተዘዋዋሪ የሚገኝ ትንሽ ነገር ነው፣ የሚያስከፍለው ደግሞ አለ። ዲለሩ ነጻ ነጋዴ ስለሆነ ፋብሪካው የመሸጫ ዋጋ ሊወስንለት አይችልም። መስኮቱ ላይ የሚለጠፈው የፋብሪካ ስቲከር ከ1958 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ግዴታ ነው፤ የሚያሳየው ግን «የሚመከር» ዋጋ ነው። በ2021 እና 2022 መኪና በጠፋበት ጊዜ ዲለሮች በስቲከሩ ላይ ብዙ ሺህ ዶላር ሲጨምሩ ፎርድና ጂኤም ማድረግ የቻሉት ማስጠንቀቂያ መጻፍና የመኪና ድርሻችሁን እንቀንሳለን ማለት ነበር። ስለዚህ የዲለር ሕጉ ይጠብቀኛል ብለህ አትግባ።

ሦስት ቀን የሚባለው። ስህተት ነው፣ ብዙ ወገኖቻችንንም ጎድቷል። የፌዴራሉ የሦስት ቀን ደንብ የወጣው ቤት ለቤት እየዞሩ ለሚሸጡና ከመደበኛ ሱቃቸው ውጭ ለሚሸጡ ነጋዴዎች ነው። ዲለር ቢሮ ገብተህ የፈረምከውን አይነካም። ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ሐሳቤን ቀየርኩ ብሎ መኪና የመመለስ መብት አይሰጡም። ካሊፎርኒያ ለአሮጌ መኪና የሦስት ቀን መብት የሚሰጥ ሕግ በ2025 አጽድቃለች፤ እሱም ዋጋው ከ50,000 ዶላር ላልበለጠ ነው፣ የሚጀምረው በኦክቶበር 2026 ነው፣ እዚህ አይሠራም። በፌዴራል ደረጃ ኤፍቲሲ (የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን) በዲሴምበር 2023 ዲለሮች ሙሉ ዋጋውን ከመጀመሪያው እንዲናገሩና ለገዢው ጥቅም የሌለውን ተጨማሪ ዕቃ እንዳይሸጡ የሚያዝ ደንብ አውጥቶ ነበር። የአምስተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2025 ሻረው፤ ምክንያቱ ኤፍቲሲ ደንቡን ሲያወጣ አንድ የአሠራር ደረጃ ዘልሏል የሚል ነው። በዩቲዩብ «አዲሱ ሕግ ይጠብቃችኋል» የሚሉ የ2024 ቪዲዮዎች አሁንም አሉ፤ አትከተላቸው።

የሚፈረሙት ወረቀቶች። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። ባየርስ ኦርደር ዋጋውንና ክፍያዎቹን ይዘረዝራል፤ የክፍያ ኮንትራቱ ደግሞ ብድሩን ይይዛል። ባየርስ ኦርደሩን ፋይናንስ ክፍል ከመግባትህ በፊት ጠይቅና መስመር በመስመር እይ፦

– የመኪናው ዋጋ ራሱ። ከፋብሪካው ስቲከር አጠገብ ዲለሩ የለጠፈው ሁለተኛ ወረቀት ካለ (የጎማ ናይትሮጅን፣ የመስታወት ላይ ቁጥር፣ የቀለም መከላከያ፣ «የገበያ ማስተካከያ») እያንዳንዱ ለድርድር የሚቀርብ ነው። «መኪናው ላይ ተገጥሟል፣ አይነሳም» ቢሉህ ዋጋው ግን ይነሳል።
– ፕሮሰሲንግ ፊ (ዲለሩ ለወረቀት ሥራ የሚያስከፍለው)። ቨርጂኒያ ጣሪያ የላትም፣ ዲለሩ ግን በግልጽ መጻፍ አለበት። ሜሪላንድ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ጣሪያው 800 ዶላር ነው። ይህ የመንግሥት ክፍያ አይደለም፤ የዲለሩ ገቢ ነው። መሰረዝ እምቢ ካሉ ያንኑ ያህል ከመኪናው ዋጋ እንዲቀንሱ ጠይቅ።
– ታክስ። ቨርጂኒያ 4.15 በመቶ ነው፤ አሮጌ መኪናህን ብትሰጥም ታክሱ ከሙሉው ዋጋ ላይ ይሰላል።

ወለዱ። ዲለሩ ብድርህን ለባንክ ሲያቀርብ ባንኩ አንድ ወለድ ይሰጠዋል። ዲለሩ ከዚያ ላይ ጨምሮ ላንተ ይነግርሃል፣ ልዩነቱንም ከባንኩ ይካፈላል። ይህ ሕጋዊ ነው፣ ሊነግርህም አይገደድም። 35,000 ዶላር ለ72 ወር በ6.5 በመቶ ብትበደር የወር ክፍያህ ወደ 588 ዶላር ነው። በ8.5 በመቶ ሲሆን 622 ይሆናል። «በወር 34 ዶላር ብቻ ናት» ይሉሃል፤ በስድስት ዓመት ወደ 2,440 ዶላር ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ዲለር ከመሄድህ በፊት ከክሬዲት ዩኒየን (የአባላቱ የሆነ የቁጠባና ብድር ተቋም) የተፈቀደ ብድር በወረቀት ይዘህ ሂድ። «በወር ስንት መክፈል ትችላለህ?» ሲሉህ ቁጥር አትንገራቸው፤ ወሩን በማርዘም ያንኑ ቁጥር አምጥተው ዋጋውን ይደብቁበታል።

ደውለው «ብድሩ አልፀደቀም፣ ና እንደገና ፈርም» የሚሉት። መኪናውን ሰጥተውህ ከቀናት በኋላ የሚመጣው ነገር ነው። የቨርጂኒያ ባየርስ ኦርደር ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ማሳሰቢያ አለ፤ ብዙው ሰው ሳያነብ ያልፈዋል። የሚለው ይህን ነው፦ ባንኩ ያንተን ወይም የዲለሩን ወጪ ወይም ስጋት የሚጨምር ለውጥ ሳያደርግ ብድሩን ከተቀበለ ሽያጩ አይሰረዝም። ካልተቀበለ ዲለሩ ያሳውቅሃል፤ በሌላ መንገድ መክፈል ትችላለህ፣ ወይም አንተም ሆንክ ዲለሩ መሰረዝ ትችላላችሁ። ከተሰረዘ መኪናውን በ24 ሰዓት ውስጥ ትመልሳለህ፣ እነሱም የከፈልከውንና አሮጌ መኪናህን ይመልሳሉ። ስለዚህ ከፍ ባለ ወለድ እንደገና የመፈረም ግዴታ የለብህም። «መኪናህን ሸጠነዋል»፣ «ቅድሚያ ክፍያው አይመለስም» ማለት ደግሞ አይችሉም። ባንኩ አልተቀበለም የሚለውን በጽሑፍ ጠይቅ። አሮጌ መኪናህን ለመስጠት ካሰብክ ታይትሉን (የባለቤትነት ወረቀቱን) አስረክበህ ስትሄድ ፎቶ አንስተህ ያዝ፤ ዕዳ ካለበት ዲለሩ ለባንክህ መክፈሉን ራስህ ደውለህ እስክታረጋግጥ ድረስ ወርሃዊ ክፍያህን አታቋርጥ።

አርሊንግተን_ማዶ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር በራልኝ። አንድ ልጨምር፦ አዲሱ መኪና ራሱ ችግር ቢኖረውስ? ኡበር መሥራቴ መብቴን ያሳጣኛል?

ሊፍት_ሥር መለሰ፦

ሌመን ሎው የሚባለው፣ ተሠርቶ የማይድን አዲስ መኪናን አምራቹ እንዲቀይር ወይም ገንዘቡን እንዲመልስ የሚያስገድደው የስቴት ሕግ፣ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። መብትህ በዲለሩ ላይ ሳይሆን በአምራቹ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ከዲለሩ ጋር ሲሟገት ጊዜው ያልፍበታል።

ቨርጂኒያ ውስጥ ጊዜው መኪናውን ከተረከብክበት ቀን ጀምሮ 18 ወር ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ዓይነት ችግር ሦስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ተሠርቶ ካልዳነ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ከባድ ችግር አንድ ጊዜ ተሞክሮ ካልተስተካከለ፣ ወይም መኪናው በድምሩ 30 ቀን ጋራዥ ከዋለ ሕጉ «ተሞክሮ አልተቻለም» ብሎ ይገምታል። ሜሪላንድ 24 ወር ወይም 18,000 ማይል ነው፣ ቀድሞ የደረሰው ይይዛል። ለተራ ችግር አራት ሙከራ ነው፤ ለፍሬን ወይም ለመሪ አንድ ይበቃል፤ 30 ቀኑ እዚያም አለ።

ኡበርን በተመለከተ የቨርጂኒያ ሕግ የሚጠይቀው መኪናው በጉልህ ድርሻው ለግል፣ ለቤተሰብ ወይም ለቤት አገልግሎት እንዲውል ነው። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ከሆነ የምትከራከርበት ቦታ አለህ፤ ቀን ሙሉ በየቀኑ የሚሠራ መኪና ከሆነ ይከብዳል። ከሕጉ ይልቅ የሚያሰጋህ ፋይናንስ ክፍል የሚሸጡልህ ነው። የተራዘመ ዋራንቲና ጋፕ (መኪናው ከጥቅም ውጭ ሲሆን ኢንሹራንሱ ከከፈለው በላይ የቀረውን ዕዳ የሚሸፍን) የሚሉት ኮንትራቶች ውስጥ «የማይሸፈን» በሚለው ገጽ ላይ የንግድ አገልግሎት፣ ታክሲ፣ ራይድሼር የሚሉ ቃላት ብዙ ጊዜ አሉ። 3,000 ዶላር ከፍለህ ትራንስሚሽኑ ሲሞት የኡበር ስቲከሩን አይተው ሊመልሱህ ይችላሉ። ያንን ገጽ ከመፈረምህ በፊት እዚያው አስወጥተህ አንብብ። ከፈረምክ በኋላ ካየኸው ደግሞ አብዛኞቹ ኮንትራቶች ሊሰረዙ ይችላሉና ቶሎ በጽሑፍ ጠይቅ፤ ብድር ውስጥ ከገባ ተመላሹ ወደ ባንኩ ይሄድና ከዕዳህ ላይ ይቀነሳል።

የሌመን ሎው ክርክር የሚሸነፈው ወረቀት ሲጎድል ነው። መኪናውን ባስገባህ ቁጥር ሪፔር ኦርደር (የጥገና ወረቀት) ይሰጥህ፤ ምንም አላገኘንም ቢሉም ወረቀቱን ሳትቀበል አትውጣ። የገባበትና የወጣበት ቀን፣ የማይሉ ቁጥር መጻፉን እይ፤ 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ከሁሉም በላይ ችግሩን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል አስጽፍ። አንድ ቀን «ይንቀጠቀጣል»፣ ሌላ ቀን «ይጮኻል»፣ ሦስተኛ ቀን «ጉልበት የለውም» ካልክ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ሆነው ይቆጠራሉ። «ሞተሩ ሲሞቅ፣ ከ40 እስከ 50 ማይል ላይ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማርሽ መካከል ይመታል» ብለህ በየጊዜው ያንኑ አስጽፍ። መኪናውን የሚረከብህ ሠራተኛ የተናገርከውን አሳጥሮ ሲጽፍ አይተህ አስተካክለው። የሚቻል ከሆነ ድምፁን በስልክህ ቅዳ፣ ወይም መካኒኩን አስቀምጠህ አብራችሁ ንዱ።

ከዚያ ለአምራቹ በሰርቲፋይድ ሜይል ደብዳቤ ጻፍ፤ አድራሻው ከመኪናው ጋር በመጣው የዋራንቲ መጽሐፍ ውስጥ አለ። የመኪናው ባለ 17 ፊደልና ቁጥር መለያ፣ የተሠራባቸው ቀኖች፣ ምን እንደምትፈልግ (ይቀየር ወይም ገንዘቤ ይመለስ) ይጻፍበት። ቨርጂኒያ ውስጥ አምራቹ ከዚህ በኋላ ከ15 ቀን ያልበለጠ አንድ የመጨረሻ የመሥራት ዕድል ሊሰጠው ይችላል። ለዲለሩ የተነገረ ለአምራቹ እንደተነገረ አይቆጠርም፤ ደብዳቤው እዚህ ላይ ነው ዋጋው።

ስለ ሪኮልም (አምራቹ ለደህንነት ችግር መኪናውን ጠርቶ በነጻ የሚያስተካክልበት) አንድ ነገር። ያልተሠራ ሪኮል ያለበትን አዲስ መኪና ዲለር ማስረከብ በፌዴራል ሕግ አይችልም። አሮጌ መኪና ላይ ግን ይህ ክልከላ የለም፤ «ሰርቲፋይድ» (የተፈተሸ) ተብሎ የሚሸጥም ሳይሠራ ሊሸጥ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን የሚጠጉ የታካታ ኩባንያ ኤርባግ ማስነሻዎች ሪኮል ተደርገዋል፤ ያልተቀየሩ መኪኖች አሁንም ገበያ ላይ አሉ። መለያ ቁጥሩን በኤንኤችቲኤስኤ (የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ ማስገባት ነጻ ነው፣ አንድ ደቂቃም አይፈጅም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ሰፈር መለሰ፦

በሜሪላንድ በኩል ለሚገዙ፣ በተለይ አሮጌ ለሚገዙ ልጨምር። በዓመት ከአምስት በላይ አሮጌ መኪና የሚሸጥ ዲለር ሁሉ ባየርስ ጋይድ የሚባለውን ወረቀት መስኮቱ ላይ መለጠፍ አለበት፤ ዋራንቲ አለ ወይስ «አዝ ኢዝ» (እንዳለ፣ ያለ ዋስትና) የሚለው እዚያ ላይ ምልክት ይደረግበታል። በቃል «ሞተሩን ለሦስት ወር እኛ እንችላለን» ካሉህ እዚያ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ያልተጻፈ ቃል ፍርድ ቤት ይዘኸው የምትገባው ነገር አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ ዲለር መኪናን «አዝ ኢዝ» ብሎ መሸጥ የሚችለው መኪናው ከስድስት ዓመት በላይ የቆየ እና ከ60,000 ማይል በላይ የሄደ ሲሆን ነው። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ከጎደለ ሳጥኑ ላይ ምልክት ቢደረግም፣ አንተም ብትፈርምበት፣ የሕጉ ዋስትና አይነሳም።

ቋንቋን በተመለከተ ደግሞ፦ ካሊፎርኒያ በስፓኒሽ፣ በቻይንኛ፣ በታጋሎግ፣ በቬትናምኛ ወይም በኮሪያኛ ተደራድሮ የተሸጠ ውል በዚያው ቋንቋ ተተርጉሞ ከመፈረሙ በፊት እንዲሰጥ ታዛለች። አማርኛ የለበትም። ዲሲ ውስጥ በ2004ቱ የቋንቋ ሕግ አማርኛ አለ፤ የሚያስገድደው ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን እንጂ ዲለሮችን አይደለም። አማርኛ የሚናገር ሻጭ አገኘሁ ብሎ ደስ የሚለው ሰው ብዙ ነው። ሻጩ በአማርኛ ያስረዳህ ሌላ፣ ውሉ በእንግሊዝኛ የሚለው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የሚጸናው ውሉ ነው። የሚያነብልህን ሰው ከሻጩ ወገን አትምረጥ፤ ባየርስ ኦርደሩን በስልክ ፎቶ አንስተህ ለምታምነው ሰው ላክና መልሱ እስኪመጣ ቁጭ ብለህ ጠብቅ። «ይህ ዋጋ ዛሬ ብቻ ነው» ቢሉህም ጠብቅ።

አቤቱታ የት እንደሚቀርብ ደግሞ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ፈቃዱን፣ ማስታወቂያውንና የወረቀት አያያዙን የሚቆጣጠረው የሞተር ተሽከርካሪ ዲለሮች ቦርድ ነው። ቦርዱ ዲለሩን ሊቀጣ ይችላል፣ ውልህን ግን አይሰርዝልህም። ተጭበርብረህ ፍርድ ቤት ካስፈረድክና ዲለሩ መክፈል ካልቻለ ስቴቱ ለዚህ ያቋቋመው የካሳ ፈንድ አለ፤ ፍርዱ ግን የዲለሩን ማጭበርበር መሠረት አድርጎ የተሰጠ ይሁን። በዲለር በኩል የተበደርክ ከሆነ ደግሞ የክፍያ ኮንትራቱ ላይ የፌዴራል «ሆልደር» ማሳሰቢያ ታገኛለህ፤ ዲለሩ ላይ ያለህን ክስና መከላከያ ብድሩን በገዛው ባንክ ላይም ማንሳት ትችላለህ ይላል። የምታስመልሰው እስከ ከፈልከው ድረስ ነው። ዲለሩ ዘግቶ ከጠፋ ይህ መስመር ነው የሚተርፍልህ፤ ከክሬዲት ዩኒየን በራስህ ተበድረህ ከሆነ ግን ማሳሰቢያው ብዙ ጊዜ አይኖርም፤ ያኔ ዲለሩ ላይ ብቻ ነው የምትቆመው።

ወረቀት_አንብብ፦

ይህን የመጨረሻውን አስተካክዬ ልጨምር፤ ከላይ ክሬዲት ዩኒየን ብዬ ስለነበር እንዳይጋጭ። የክሬዲት ዩኒየኑን ፈቃድ ይዘህ ሂድና ዲለሩ ያንን ወለድ ዝቅ አድርጎ ማምጣት ይችል እንደሆነ ጠይቅ። ካመጣ በዲለሩ በኩል ውሰደው፤ ወለዱም ይቀንሳል፣ የሆልደሩም መብት አብሮ ይገኛል። ካላመጣ፣ አዲስ መኪና ስለሆነና ዋራንቲው ከአምራቹ ጋር ስለሆነ የክሬዲት ዩኒየኑ ይሻልሃል። ከትንሽ ግቢ አሮጌ መኪና ለሚገዛ ሰው ግን ሒሳቡ ይለያል፤ እዚያ ግማሽ ፐርሰንት ተጨማሪ ወለድ ከፍሎ ማሳሰቢያው ያለበትን ኮንትራት መያዝ ያዋጣል።